አየርላንድን ከእናቴ ጋር፦ ከአውቶቡሱ ስንወርድ ያየነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የምጽፍላችሁ ስለ አንድ የቤተሰብ ጉዞ ነው። ባለፈው ነሐሴ እኔ፣ እናቴ፣ ታላቅ እህቴ፣ ባለቤቷና ሁለት ልጆቻቸው ሆነን በቡድን ጉብኝት አየርላንድን ዞርን። አሁን አሁን ውጭ ያሉ ልጆች ወላጆቻቸውን ከአገር ቤት ጠርተው ሌላ አገር ላይ ተገናኝቶ አብሮ መክረም እየወደዱ መጥተዋል። እኛ ያየነው ለእነሱም ለወላጆቻቸውም ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ።

እህቴ የምትኖረው አሜሪካ ነው። ልጆቿ አንዷ አሥራ ሁለት፣ አንዱ ስምንት ዓመታቸው ነው። አማርኛ ይሰማሉ፤ መመለስ ላይ ግን ይቸገራሉ። እናቴ ዕድሜዋ ወደ ሰባ እየተጠጋ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል፤ እንግሊዝኛ አትችልም። ለእንዲህ ያለ ቤተሰብ የአውቶቡስ ጉብኝት ጥሩ ነው ተባለና ዘጠኝ ሌሊት፣ አሥር ቀን የሚፈጅ ተያዘልን። ክፍያውን የሸፈነችው እህቴ ናት፤ እግዜር ይስጣት።

በእርግጥም ብዙ ነገር ያቀላል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሻንጣህን በር ላይ ታስቀምጣለህ፤ ማታ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ሆቴል ውስጥ ክፍልህ ድረስ መጥቶ ታገኘዋለህ። አርባ ምናምን ሰው ነበርን፤ ከእኛ በስተቀር ሁሉም ማለት ይቻላል አሜሪካውያን ናቸው። ብዙዎቹ የቅድመ አያቶቻቸውን አገር ሊያዩ የመጡ ነበሩ። ወንበር በየቀኑ ይቀያየራል፤ ፊት የተቀመጠ ነገ ወደ ኋላ ይሄዳል። ሾፌሩ ራሱ አስጎብኚያችን ነበር፤ እየነዳ በማይክ ያወራል። ሰው ሲሳፈር በጣቱ ይቆጥራል። እማዬ ስትወጣ ግን መቁጠሩን ትቶ ክንዷን ይይዛታል። እሷም «ልጄ» ነው የምትለው። ሦስተኛው ቀን ላይ ትርጉሙን ጠየቀኝና ነገርኩት፤ ከዚያ ወዲህ እሱም «እማማ» ይላት ጀመር።

አንድ ቀን በኬሪ ቀለበት መንገድ ስንሄድ በግ ጠባቂ ውሻ ሲሠራ የሚያሳይ ገበሬ ጋ ቆምን። መንገዱ 179 ኪሎ ሜትር ነው፤ ባሕሩን በአንድ ወገን፣ ተራራውን በሌላ ወገን ይዞ ይዞራል። ሰዉ ፎቶ ያነሳል። እማዬ ግን ከአጥሩ ጠጋ ብላ ቆመች። ገበሬው በፉጨት ብቻ ውሻውን ሽቅብ ላከው። አንድ ዓይነት ፉጨት ሲሆን ውሻው በቀኝ ይዞራል፣ ሌላ ሲሆን በግራ፤ ረዘም ሲል ደግሞ መሬት ላይ ልጥፍ ይላል። በጎቹ ተሰብስበው እንደ ውኃ ወደ ታች ፈሰሱ። እማዬ ልጅነቷን ያሳለፈችው በእረኝነት ነው። ትርኢቱ ሲያልቅ «ጠይቂልኝ» አለችኝ። አንዲት በግ ስንት ትወልዳለች? ጀርባቸው ላይ ያለው ቀይና ሰማያዊ ቀለም ምንድን ነው? እግራቸው በዚህ ሁሉ ጭቃ አይበሰብስም ወይ? ገበሬው አንድ በአንድ መለሰላት። ቀለሙ የባለቤት ምልክት ነው፤ ተራራው የጋራ ግጦሽ ስለሆነ የማን በግ የማን እንደሆነ የሚለየው በእሱ ነው። ስለ እግሩ ስትጠይቀው ሳቀና አንዷን በግ ገልብጦ ሰኮናዋን አሳያት። ሁለቱ ጎንበስ ብለው አንድ ሰኮና ሲመረምሩ የእህቴ ልጆች አፋቸውን ከፍተው ያያሉ። አያታቸው ይህን እንደምታውቅ ማን ነግሯቸው!

ምግቡ ሌላ ጉዳይ ነው። የሄድነው በፍልሰታ ነበር። የሆቴሎቹ ቁርስ የአሳማ ሥጋ፣ ቋሊማና ከደም የሚሠራ ጥቁር ቋሊማ ነው። ሾርባው የአትክልት ይባልና ክሬም ይገባበታል። ሶዳ ብሬድ የሚሉት ቡናማ ዳቧቸው እንኳ የሚቦካው በአሬራ ነው፤ ይህን ያወቅነው እማዬ ሁለት ቀን ከበላችው በኋላ ነው፤ በጣም አዘነች። መፍትሔው «ቪጋን» የሚለው ቃል ነው። ወጥ ቤቶቹ ጾም ስትሏቸው ግራ ይጋባሉ፤ ቪጋን ስትሏቸው ወዲያው ይገባቸዋል። ጉዞው ሲያዝ አስቀድማችሁ አስመዝግቡ። እማዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለማትቀምስ ቡድኑ ምሳ ሲበላ አብራን ትቀመጣለች፣ ድርሻዋ ይታሸግላታል። ከቤት የያዘችውን ቆሎ ደግሞ ማታ ማታ አውቶቡስ ውስጥ ታዞራለች። አሜሪካኖቹ ወደዱት።

አሁን ቅር ወዳለኝ ነገር ልምጣ። ጉብኝቱ ይሮጣል። የሞኸር ገደሎች ከፍተኛው ቦታቸው ከባሕር 214 ሜትር ይሆናል። የተሰጠን ጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር። እማዬን ከመኪና ማቆሚያው እስከ ገደሉ ጫፍ ማድረስ ብቻ ሃያ አምስት ደቂቃ ወሰደ። ስንደርስ ጉም ነው፤ ነጭ ግድግዳ። ጠበቅን። ልንመለስ ስንል ጉሙ ተገለጠና ጥቁሩ ገደል፣ ከሥሩ ነጭ አረፋ፣ ወፎቹ ሁሉ አንድ ጊዜ ታዩ። አምስት ደቂቃ አይሞላም። ከዚያ ሩጫ ወደ አውቶቡስ። ደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ያለውን የኬልስ መጽሐፍም እንዲሁ ነው ያየነው። በ800 ዓመተ ምሕረት አካባቢ በጥጃ ቆዳ ላይ የተጻፈ ወንጌል ነው። እማዬ በመስታወቱ ላይ ጎንበስ እንዳለች «ብራና ነው!» አለች፤ ከኋላችን ያለው ሰልፍ ገፋን።

ከሁሉም የከነከነኝ ግን የመጀመሪያው ቀን ነው። ደብሊንን በአውቶቡስ ስንዞር በሊፊ ወንዝ ዳር አለፍን። አስጎብኚው በማይክ «በስተቀኝ የረኃቡ መታሰቢያ» አለ። ከመስኮቱ አየሁት። የከሱ፣ የተቀዳደደ ልብስ የለበሱ የነሐስ ሰዎች ወደ ወደቡ ይሄዳሉ። ሮዋን ጊሌስፒ የሚባል ቀራጺ የሠራቸው ናቸው፤ እዚያ የቆሙት እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። አንዱ በትከሻው የዛለ ልጅ ተሸክሟል። አውቶቡሱ አልቆመም። እማዬ አንገቷን አዙራ እስኪጠፉ ድረስ አየቻቸውና «እነዚህ እነማን ናቸው?» አለችኝ። በድሮው የድንች ረኃብ አገራቸውን ጥለው የተሰደዱ አየርላንዳውያን ናቸው ብዬ ነገርኳት። ዝም አለች። ከዚያ የቢራ ሙዚየም ሄድን፤ እዚያ ሁለት ሰዓት ቆየን። እማዬና ልጆቹ መግቢያው አዳራሽ ተቀምጠው ጠበቁን።

ለምን እንደከነከነኝ ለመናገር አንድ ነገር ማስታወስ አለብኝ። እናቴ የራያ ቆቦ ሰው ናት። በሰባ ሰባቱ ድርቅ እህቴን በጀርባዋ አዝላ ኮረም መጠለያ ድረስ በእግሯ የሄደች ናት። እህቴ ያኔ ሁለት ዓመቷ ነበር። እኔ የተወለድኩት ከዚያ በኋላ ነው። ቤታችን ውስጥ ይህ ታሪክ እንደሆነ ይታወቃል፤ ግን አይወራም።

ስምንተኛው ቀን ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ገጠመን። መርሐ ግብሩ ከዌስትፖርት ተነስቶ ወደ ሰሜን ይሄዳል፤ ዴሪ፣ ጃይንትስ ኮዝዌይ፣ ቤልፋስት። ይህ ሰሜን አየርላንድ ነው፤ የእንግሊዝ መንግሥት ግዛት ነው። ገንዘቡ ፓውንድ ነው። ድንበሩ ላይ ኬላ የለም፤ ፓስፖርት የሚጠይቅ ሰው የለም፤ የመንገዱ ምልክት ከኪሎ ሜትር ወደ ማይል ሲቀየር ብቻ ነው የሚታወቀው። ሕጉ ግን አለ። የእኔና የእማዬ ፓስፖርት የኢትዮጵያ ነው፤ የያዝነውም የአየርላንድ ቪዛ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ለሰሜኑ አያገለግልም። የእንግሊዝ ቪዛ ለብቻው ያስፈልጋል። ጉብኝቱን የሸጠልን ድርጅት ይህን በግልጽ አልነገረንም። በኋላ ስናየው ከውሉ ግርጌ በደቃቅ ፊደል «የቪዛ ጉዳይ የተጓዡ ኃላፊነት ነው» ይላል። አሜሪካውያኑ እንኳ ከ2025 ወዲህ ለእንግሊዝ በስልክ የሚሞላ ፈቃድ አስቀድመው ማውጣት ነበረባቸው፤ ለእነሱ በኢሜይል ተነግሯቸዋል። እኛን ያሰበን ሰው አልነበረም።

ከቡድኑ አንድ ሰው «ማንም አያይም፣ ዝም ብላችሁ ተሳፈሩ» አለን። በቅንነት ነው። እኔ ግን እናቴን ያለ ቪዛ ድንበር አላሻግርም። እዚህ ያላችሁ የጉዞ ወኪሎች፣ እባካችሁ ይህን ለደንበኞቻችሁ በአፍ ንገሩ። አየርላንድ ሸንገን ውስጥ የለችም፤ የሸንገን ቪዛ ያለውም ሰው አይገባባትም። ደብሊን ገብቶ ቤልፋስት የሚያድር ጉዞ ከሆነ ሁለት ቪዛ ማለት ነው። ይህን ሳይነግሩ ገንዘብ መቀበል ነውር ነው።

እኔና እማዬ ዌስትፖርት ልንቀር ወሰንን። የእህቴ ባል ልጆቹን ይዞ ወደ ሰሜን ሄደ። እህቴ ሻንጣዋ አውቶቡስ ሆድ ውስጥ ከገባ በኋላ «አውጡልኝ፣ እናቴን ጥዬ አልሄድም» ብላ ወረደች። አስጎብኚው ሻንጣውን ራሱ አወጣላት። ከዚያ ወረቀት ላይ አንድ ስም ጻፈልኝ። «ዱሎክ። ታክሲ ይዛችሁ ሂዱ። እኔ በዚህ አውቶቡስ ላደርሳችሁ አልቻልኩም» አለኝ። እናቴ ኮረም መጠለያ እንደነበረች ብቻ አንድ ማታ በእኔ አስተርጓሚነት ነግራው ነበር።

ታክሲው ደርሶ መልስ መቶ ሠላሳ ዩሮ ተስማማን። ሾፌሩ ሽማግሌ ነበር። ከዌስትፖርት እንደወጣን በግራ በኩል ሹል ተራራ አለ፤ ክሮ ፓትሪክ ይባላል፤ 764 ሜትር ነው። ቅዱስ ፓትሪክ አርባ ቀን የጾመበት ነው ይላሉ። በሐምሌ መጨረሻ እሑድ ሕዝቡ እየጸለየ ይወጣዋል፤ በባዶ እግር የሚወጣም አለ። እማዬ ይህን ስትሰማ መኪናው ውስጥ እንዳለች አማተበች። ከተራራው ሥር ሙሪስክ ላይ የብሔራዊ ረኃብ መታሰቢያቸው ቆሟል። የነሐስ መርከብ ነው፤ ከሩቅ ሸራ የሚመስለው ሲጠጉት አጽም ነው። በረኃቡ ጊዜ አገር ጥለው የተሰደዱባቸው መርከቦች፣ ብዙ ሰው መንገድ ላይ ስለሚያልቅባቸው፣ የሬሳ ሳጥን ይባሉ ነበር።

ከሉዊስበርግ በኋላ መንገዱ ጠበበ። ቤት የለም። ሁለት ተራራ፣ መሐሉ ጥቁር ሐይቅ። ዱሎክ ማለትም በቋንቋቸው ጥቁር ሐይቅ ማለት ነው። ነፋስ አለ፣ ካፊያ አለ። እማዬ ድንገት ጣቷን ወደ ተራራው ጎን ቀሰረች። «እዚያ ላይ ማን አርሶ ተወው?» አለች። እኔ ሣር ብቻ ነበር የታየኝ። ልብ ብዬ ሳይ ከሣሩ ሥር እኩል እኩል የሆኑ መደቦች አሉ፤ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ቁልቁል ወርደዋል። ሾፌሩን ጠየቅኩት። መኪናውን አቆመ። «የድንች መደብ ነው። ከረኃቡ ጊዜ ጀምሮ ማንም አልነካውም» አለ።

ድንቹ በበሽታ መበስበስ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1845 ነው። ድሃው ገበሬ የሚኖረው በድንች ብቻ ነበር። እህል ግን ከአገሪቱ በመርከብ መውጣቱን አላቆመም ነበር። አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሰደደ። ከረኃቡ በፊት የደሴቲቱ ሕዝብ ከስምንት ሚሊዮን በላይ ነበር፤ ዛሬም እዚያ ቁጥር አልተመለሰም። እማዬ ይህን ሁሉ ሰማች። መደቡን ግን ያየችው ማንም ሳይነግራት ነው።

መታሰቢያው መንገድ ዳር የቆመ ተራ የድንጋይ መስቀል ነው። ሾፌሩ ታሪኩን ነገረን። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1849 መጨረሻ፣ እርዳታ የሚቀበሉ ብዙ መቶ ሰዎች ለምርመራ ሉዊስበርግ ተጠሩ። መርማሪዎቹ ግን ዴልፊ ወደሚባል የአደን ቤት አለፉ። ሕዝቡ በማግሥቱ ጠዋት እዚያ ካልተገኘ እርዳታው ይቋረጥበታል ተባለ። ወደ ሃያ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በዚህ ሸለቆ፣ በሌሊት፣ በብርድ ሄዱ። ደረሱ፤ ምንም ሳያገኙ ተመለሱ። ሲመለሱ፣ እኛ ባየነው መንገድ ዳር ወደቁ። ነገሩ የታወቀው በሚያዝያ ወር ማዮ ኮንስቲቱሽን በሚባል የአካባቢው ጋዜጣ ላይ አንድ ሰው በጻፈው ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው የተገኙትን ሰባት አስከሬኖች ይናገራል፤ የአካባቢው ሰው ግን የሞቱት ከዚያ እጅግ እንደሚበዙ ከአያቶቹ ሰምቷል።

እኔ እየተረጎምኩ ነበር። «ነገ ጠዋት እዚያ ካልተገኛችሁ» የሚለው ጋ ስደርስ እማዬ አቋረጠችኝ። «እኛንም ነገ ኑ ብለውን ነበር» አለች። ከዚያ ጫማዋን አወለቀች፤ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እንደምታወልቀው። እርጥቡ ሣር ላይ ቆመች። ድንጋዩ ላይ የተጻፈውን አንብቢልኝ አለችኝ። በ1849 በዚህ ስለሄዱና ዛሬም በሦስተኛው ዓለም ስለሚሄዱ የተራቡ ድሆች መታሰቢያ ነው ይላል። ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። እህቴ ከኋላዋ መጥታ ትከሻዋን ያዘቻት። እማዬም፣ እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ ሰምቼ የማላውቀውን፣ ከቆቦ እስከ ኮረም ያለውን መንገድ ከመነሻው ጀምራ አወራች። ማን የት እንደቀረ በስም እየጠራች። ሾፌሩ አማርኛ አይሰማም፤ ኮፍያውን አውልቆ እስክትጨርስ ቆመ።

ወደ ዌስትፖርት ስንመለስ «ያ ደብዳቤ ባይጻፍ አይታወቁም ነበር?» አለችኝ። ምናልባት አልኳት። «እንግዲያው አንቺም ጻፊ» አለች።

በማግሥቱ በባቡር ደብሊን ገባን። ሦስት ሰዓት ከምናምን ነው፤ ወንበሩ ምቹ ነው፤ ሩጫ የለም። ቼስተር ቢቲ የሚባለውን ቤተ መዘክር በነፃ ገብተን አየን፤ ስብስቡ ውስጥ ከእኛ አገር የሄዱ የብራና መጻሕፍትም አሉት። ሌላ ቤተሰብ ቢያማክረኝ የምመክረው ይህንኑ ነው። በአውቶቡሱ ሂዱ፤ ነገር ግን አንድ ቦታ ቢያንስ ሁለት ሌሊት የሚያሳድር፣ ነፃ ቀን ያለው ጉብኝት ፈልጉ። ከመክፈላችሁ በፊት ስለ ቦታዎቹ ብዛት ሳይሆን በእያንዳንዱ ስንት ሰዓት እንደምትቆሙ ጠይቁ። የረኃቡን ቦታዎችም በስም ጠርታችሁ እንድንወርድ እንፈልጋለን በሉ። እኛን የመሰለ ሕዝብ እነዚያን በመስኮት ማለፍ የለበትም።

ልጆቹ ከአባታቸው ጋር በማግሥቱ ማታ ተመለሱ። አርባ ሺህ ያህል ይሆናሉ የሚባሉትን የኮዝዌይ የድንጋይ ዓምዶች ፎቶ ለእማዬ አሳዩዋት፤ ወደደችው። የመጨረሻው ቀን በረራችን ከሰዓት ነበር። እማዬ ጠዋት ተነስታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሁለቱን ልጆች ግራና ቀኝ እጃቸውን ይዛ ወደ ወንዙ ዳር ወሰደቻቸው። እኔና እህቴ ከኋላ ተከተልን። ከሐውልቶቹ መሐል ገብተው ቆሙ። ትልቋ ልጅ ልጁን የተሸከመውን ሰውዬ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ «እማማ፣ አንቺ እንደዚህ ሄድሽ?» አለቻት።

«አዎ» አለቻት እማዬ። «እናትሽ እዚህ ነበረች» ብላ እጇን ወደ ጀርባዋ አዞረች።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ